የጀልዴሳ መንገድና በመከራ ጊዜ የሚጠበቅ ሃይማኖት

ሰው በጤናውና በሹመቱ ሳለ ሃይማኖቱን መጠበቅ ብዙ አያስቸግረውም። ቤተ ክርስቲያኑ በደጁ፣ ካህኑ በጎረቤቱ፣ መሶቡም በቤቱ ነውና ጾሙን ጾሞ በፋሲካው ይደሰታል። ነገር ግን ልጅ የሞተ እንደ ሆነ፣ ቤት የተዘረፈ እንደ ሆነ፣ ወይም ሰው ከአገሩ የተሰደደ እንደ ሆነ፣ ያን ጊዜ የጸሎቱ ቃል በአፉ ላይ ይከብዳል። «እግዚአብሔር ሰምቶኝ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልደረሰብኝም ነበር» የሚል አሳብ በልቡ ይገባል። ይህ አሳብ ያልጎበኘው ቤት ጥቂት ስለ ሆነ፣ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ሃይማኖትና ጸሎት በመከራ ጊዜ እንዴት እንደ ተጠበቁ፣ ለጠበቋቸውም ሰዎች ምን እንዳደረጉላቸው ልንጽፍ ወደድን።

ነገራችንን ከጀልዴሳ እንጀምራለን። ጀልዴሳ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ያለች፣ ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ በቆላው ዳር የተቀመጠች ትንሽ ስፍራ ናት። አብዛኛው ሕዝቧ የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ ነው። የዛሬዋን ጀልዴሳ ብቻ ያየ ሰው ግን የቀድሞ ክብሯን አይገምተውም። ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚወጣው ቅፍለት ሁሉ የሚያርፍባት፣ ከቆላ የመጣው ግመል ጭነቱን አራግፎ ለደጋው በቅሎና አህያ የሚያስረክብባት በር ነበረች። በ1868 ዓ.ም. ግብጾች ሐረርን በያዙ ጊዜ በጀልዴሳም ወታደር አኖሩባት። እነርሱም ከሄዱ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ በጥር 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ። ከዚያ ወዲህ በሐረር የተሾሙት ራስ መኰንን ወደ ባሕር የሚወርደውንና ከባሕር የሚመጣውን የሚጠባበቁት በዚህ መንገድ ነበረ። በ1881 ዓ.ም. ለመልእክት ወደ ኢጣልያ አገር ሲሄዱም የወረዱት በዘይላ በኩል ነው።

ይህ መንገድ ለመንገደኛ ብዙ ነገር የሚያስጥል መንገድ ነበረ። ከደጋው የሚወርደው ሰው በጀልዴሳ ቆሞ ጭነቱን ሲያመዛዝን ሁሉን ይዞ ለመሄድ እንደማይችል ያውቃል። ግመሉ የሚችለው የተወሰነ ነው፤ ውኃው በቀናት ይቈጠራል፤ ከፊቱ ያለው ሙቀትና ጥም ነው። እንግዲህ በዚያ ደጃፍ ላይ እያንዳንዱ «የምተወው የቱን ነው? የማልተወውስ የቱን ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ ነበር። ክርስቲያን የሆነው መንገደኛ ከዚያ ሲያልፍ የደብሩን ደወልና የካህኑን ድምፅ ከኋላው ይተዋል። ከእርሱ ጋራ የሚሄደው በቃሉ ያጠናው ጸሎት፣ በልማድ የያዘው ጾም፣ በአንገቱም ያሰረው ማተብ ብቻ ነው። የመከራም ጊዜ እንደዚሁ ነው፤ ብዙውን አስጥሎ ከልብ ጋራ የተዋሐደውን ብቻ ያስቀራል።

በዚህ መንገድ ካለፉት ሕመምተኞች አንዱን እንጥቀስ። አርቱር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ በወጣትነቱ በግጥሙ እጅግ የታወቀ፣ በኋላ ግን ግጥሙን ትቶ በሐረር የነገደ ሰው ነበረ። በ1883 ዓ.ም. ጉልበቱ በክፉ ደዌ ስለ ታመመ፣ በመጋቢት መጨረሻ በ16 ሰዎች ትከሻ በቃሬዛ ተሸክመውት በጀልዴሳ በኩል ወደ ዘይላ ወረደ። ዝናብም ብርድም ሙቀትም በቃሬዛው ላይ ተፈራረቁበት። በማርሴይ ከተማ እግሩ ተቈረጠ፤ ደዌው ግን አልለቀቀውም፣ በኅዳር 1884 ዓ.ም. በ37 ዓመቱ ሞተ። ራምቦ በወጣትነቱ ከቤተ ክርስቲያን የራቀ፣ በጽሑፉም ሃይማኖትን የተከራከረ ሰው ነበረ። እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እኅቱ ኢዛቤል ግን ከመሞቱ በፊት ለቄስ እንደ ተናዘዘ ለእናታቸው ጽፋለች። የእርሷን ቃል የሚቀበሉት አሉ፤ የሚጠራጠሩትም አሉ። በልቡ የሆነውን እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኛ ግን ያለ ክርክር የምናየው አንድ ነገር አለ። ይኸውም በዚያ አልጋ አጠገብ ሳትሰለች የተቀመጠች፣ ለወንድሟም ነፍስ የጸለየች አንዲት እኅት መኖሯ ነው። ሕመምተኛው መጸለይ ባቃተው ጊዜ ሌላ ሰው ስለ እርሱ ይጸልያል፤ ቤተ ሰብ ማለት በመከራ ጊዜ ይህ ነው።

በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሐዲድ ከጂቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ በደረሰ ጊዜ ቅፍለቱ ከጀልዴሳ ወደ አዲሱ ከተማ ዞረ። ግመሎቹ ቀሩ፤ ኬላው ፈረሰ፤ የጀልዴሳም ስም ቀስ በቀስ ከመንገደኛ አፍ ጠፋ። በረሃው ግን ያው በረሃ ነውና፣ ከ33 ዓመት በኋላ ከጀልዴሳ በስተምዕራብ ባለው ሐዲድ ላይ ከቅፍለት ሁሉ የከበደ ኀዘን የጫነ ባቡር አለፈበት።

በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በማይጨው ከተሸነፈ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ መንገዳቸውን አዙረው በትንሣኤ ሰሞን ወደ ላሊበላ ሄዱ። ጠላት ከኋላ እየተከተለ፣ አውሮፕላንም ከላይ እየዞረ፣ የተሸነፈ ንጉሥ ከዓለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ ጸለየ። ከጦር አዋቂዎች ወገን ሆኖ ለሚመለከተው ይህ ጊዜ ማባከን ይመስላል። ነገር ግን ሁሉን ያጣ ሰው መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድ የልቡን ሥርዓት ያሳያል። ከዚያም በሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው፣ በድሬዳዋ ጥቂት ቆመው፣ በረሃውን አቋርጠው ጂቡቲ ገቡ። በሚያዝያ 26 ቀን በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ፤ በሚያዝያ 30 ቀን ከቤተ ሰባቸው ጋራ ኢየሩሳሌም ደረሱ። በግንቦት 1 ቀን ደግሞ ከሰሜንና ከደቡብ የመጡት የኢጣልያ ጦሮች በዚያችው በድሬዳዋ ተገናኙ።

ኢየሩሳሌም ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አገር አልነበረችም። ገዳማቸው ከብዙ ዘመን ጀምሮ በዚያ ነበረ፤ እቴጌ መነንም ከሦስት ዓመት በፊት በደስታ ጊዜ ተሳልመዋት ነበር። አሁን የተመለሱት ግን አገራቸውን ያጡ ስደተኛ ሆነው ነው። እቴጌ በቤተ ልሔም ጌታ በተወለደበት ስፍራ ቆመው፣ ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች ዘውዳቸውን ለዚያ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሰጡ ተሳሉ። አገር በተመለሰች ጊዜም ስእለታቸውን ፈጽመው ዘውዱን ላኩ። በስደት ያለች እናት ለእግዚአብሔር ልትሰጥ ያሰበችው ዘውዷን መሆኑ እጅግ ያስገርማል። በዓለም ዓይን ዘውዱ በዚያን ጊዜ ጥቅም አልነበረውም፤ የሚነግሡበት አገር በጠላት እጅ ነበርና። በሃይማኖት ዓይን ግን ዘውዱን መሳል ማለት ገና ያልመጣውን ቀን እንደሚመጣ አድርጎ መቍጠር ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ፌርፊልድ በተባለው ቤት እስከ 1932 ዓ.ም. በስደት ኖሩ። የዚያ ቤት ነገር ለቤተ ሰብ ገጻችን በተለይ የሚስማማ ነው። ታቦት ያለበት ደብር በአቅራቢያ አልነበረምና፣ በግቢው ውስጥ ለአትክልት ማብቀያ በመስተዋት የተሠራውን ቤት የጸሎት ቤት አደረጉት። እዚያም ስደተኛው ሁሉ ተሰብስቦ በአገሩ ሥርዓት ይጸልይ ነበር። ከበሮ የማይመታበት፣ ዕጣኑ በእንግሊዝ ዝናብና ጭጋግ የሚታፈን ስፍራ ነበረ ለማለት ይቻላል። ሆኖም ዕለተ ሰንበት ሰንበት ሆኖ ቀረ፤ ረቡዕና ዓርብም ከሌላው ቀን አልተቀላቀሉም። ሰው ከአገሩ ከወጣ በኋላ ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆንበታል፤ የጾምና የበዓል ሥርዓት ግን ቀኑን ከቀን ስለሚለይለት፣ የስደቱን ዘመን ባዶ ከመሆን ያድነዋል።

በአገር ውስጥ የቀሩት ደግሞ ሌላ ዓይነት ፈተና መጣባቸው። አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለመመለስ በተነሡ ጊዜ ከእነርሱ ጋራ ወጥተው በጠላት እጅ ወደቁ። አርበኞቹን ሽፍቶች ብለው እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም ለኢጣልያ እንዲገዛ እንዲሰብኩ ተጠየቁ። ቢያደርጉት ኖሮ ሕይወታቸው በተረፈች፣ ምናልባትም ክብር በተጨመረላቸው ነበር። እርሳቸው ግን እምቢ አሉ፤ ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ ገዘቱ። በሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ። በሚከተለው ዓመት በ1929 ዓ.ም. አቡነ ሚካኤልም በጎሬ በኩል እንዲሁ ተገደሉ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ዛሬ በአዲስ አበባ በስማቸው በተጠራው አደባባይ ቆሞ ይታያል።

ከዚህም የከፋው በደብረ ሊባኖስ የተደረገው ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ገዢው ቊጣውን በገዳሙ ላይ አዞረ። በግንቦት፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት ሰሞን፣ መነኮሳቱና ምእመናኑ ለበዓሉ ተሰብስበው ሳሉ ተያዙ። ጄኔራል ማሌቲ በመጀመሪያ 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች እንዳስገደለ አስታወቀ፤ ጥቂት ቀናት ቈይቶም ዲያቆናቱ ተጨመሩ። ኢጣልያኖች ራሳቸው ያመኑት ቍጥር 449 ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ነገሩን የመረመረው እንግሊዛዊው ኢያን ካምቤል ግን የሟቾቹ ቍጥር ከ1,800 እስከ 2,200 እንደሚደርስ ጽፏል። ሰዎቹ የሞቱት ጦር ይዘው አልነበረም፤ ለበዓል ስለ መጡ ነው። ይህን የሰማች የገጠር እናት በሚከተለው ዓመት በዓሉ ሲደርስ ልጇን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ስትነሣ በልቧ ምን ያህል ፍርሃት ይኖር እንደ ነበረ እንገምት። ሆኖም በዓሉ አልቀረም። ከጥፋቱ የተረፉት ገዳማቸውን መልሰው ያዙ፤ ደብረ ሊባኖስም እስከ ዛሬ ድረስ ይቀደስበታል፣ ሕዝብም ይሳለመዋል።

እንግዲህ አንባቢ «እነዚህ ጳጳሳትና መነኮሳት ናቸው፤ የቤተ ሰብ ኀዘን ግን ሌላ ነው» ይለን ይሆናል። እውነት ነው። ስለዚህ የአንዲት እናት ነገር እንጨምር። ልዕልት ሮማነ ወርቅ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ የደጃዝማች በየነ መርዕድ ባለቤት ነበሩ። ባላቸው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ከጠላት ጋራ ሲዋጉ ቈይተው ተገደሉ። እርሳቸው ከልጆቻቸው ጋራ ተይዘው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ፤ ብዙዎች መኳንንትና ወይዛዝርት በታሰሩበት በአዚናራ ደሴት ቈይተው፣ በኋላ ወደ ቱሪን ከተማ ተዛወሩ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. በዚያው በግዞት ዐረፉ። አገራቸው ነጻ ልትወጣ የቀራት ጥቂት ወራት ብቻ ነበረ። ከልጆቻቸውም በሕይወት ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በባዝ ከተማ በመስተዋቱ ቤት ለልጅ የጸለየ አባት፣ በኢየሩሳሌም የጸለየም ወገን ሁሉ ይህችን ልጅ በሕይወት አላገኛትም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እውነቱን መናገር ይገባናል። በጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ በዓል ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ወሰን ተሻግረው ኡም ኢድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን ተከሉ። በመጋቢት 20 ቀን ድሬዳዋ ከጠላት ነጻ ወጣች። በሚያዝያ 27 ቀን፣ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከገባችበት ቀን ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ ማርያም ምስጋና አቅርበው ወደ ከተማቸው ገቡ፤ ሕዝቡም ለክፉ ክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። ይህን ታሪክ ስንናገር «ጸለዩ፣ ተሰማላቸውም» ብለን መደምደም ይቀለናል። ነገር ግን አቡነ ጴጥሮስ ያን ቀን አላዩም። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አላዩም። ልዕልት ሮማነ ወርቅ አላዩም። ነጻነቱ ከመጣ በኋላም ኀዘን አላቆመም። በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር የሕሙማን አስታማሚነት ሙያ ተምረው የተመለሱት ልዕልት ፀሐይ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ዐረፉ፤ ለወላጆቻቸው የቀረው በስማቸው ሆስፒታል መሥራት ነበረ። ስለዚህ ሃይማኖት ከመከራ የሚያድን ዋስትና ነው የሚል ሰው ቢኖር ይህን ሁሉ አልቈጠረም።

ታዲያ ጸሎቱ ምን አተረፈ? እኛ እንደሚመስለን ሦስት ነገር አተረፈ። አንደኛ፣ መከራው ሰዎቹን ከራሳቸው እንዳይለያቸው አደረገ። ጠላት ቤታቸውን፣ ሹመታቸውን፣ ወገናቸውንም ወሰደ፤ ማን እንደ ሆኑ የሚያውቁበትን ሥርዓት ግን ሊወስድባቸው አልቻለም። ሁለተኛ፣ ሙታኖቻቸውን እንዳይረሱ አደረጋቸው፤ በየቅዳሴው ስማቸው የሚጠራ ሰው ፈጽሞ አልጠፋምና። ሦስተኛ፣ የድል ቀን በመጣ ጊዜ እጃቸውን ከበቀል ለመመለስ ብርታት ሰጣቸው። አምስት ዓመት ሙሉ ቂሙን ብቻ ሲመግብ የኖረ ልብ በአንድ ቀን ምሕረትን ሊያዝ አይችልም፤ ምሕረት በመከራው ዘመን ውስጥ በየዕለቱ ሲለመን የኖረ ነገር መሆን አለበት።

በዚያችው በምሥራቅ አገር የቁልቢ ገብርኤል ነገርም ይህንኑ ያስረዳል። ራስ መኰንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ በቁልቢ ተስለው፣ በድል ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ ይነገራል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በታኅሣሥ 19ና በሐምሌ 19 ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ይጎርፋል፤ ለብዙ ዘመን ከሩቅ የመጣው ተሳላሚ በባቡር ድሬዳዋ ይወርድና የቀረውን ዳገት በእግሩ ይወጣው ነበር። ልጅ ያጣች ሴት ተስላ፣ ልጅ ባገኘች ጊዜ ክርስትና ልታስነሣ ትመለሳለች። ሌላዋም ድንጋይ ተሸክማ ዳገቱን ትወጣለች። ነገር ግን ልብ ብለን ያየን እንደ ሆነ፣ ከሚመጣው ሁሉ ስእለቱ የደረሰለት ብቻ አይደለም። ልጇ የሞተባት፣ ሕመሟም ያልለቀቃት በዓመቱ ተመልሳ ትመጣለች። ይህች ሴት ከእግዚአብሔር ጋራ የንግድ ሒሳብ ያላት ብትሆን ኖሮ ዕዳው አልተከፈለኝም ብላ በቀረች ነበር። እርሷ ግን የምትመጣው እንደ ቤተ ሰብ ነው፤ ቤተ ሰብ ደግሞ የጠየቀውን ባያገኝም ከቤቱ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬም ወጣቶቻችን እንጀራ ፍለጋ በረሃ ይሻገራሉ፤ አንዳንዶቹ በምሥራቅ በጂቡቲ በኩል፣ አንዳንዶቹም በምዕራብ በሱዳንና በሊቢያ በኩል። በሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፣ 30 ገደማ የሚሆኑ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ክርስቲያኖች በሊቢያ ስለ ሃይማኖታቸው በአይሲስ ቡድን እጅ ሲገደሉ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለዓለም ተገለጠ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከአዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር የወጡ ወጣቶች ነበሩ። መንግሥት የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን አወጀ፤ በሰፈሩም ድንኳን ተጥሎ ጎረቤት ሁሉ አብሮ አለቀሰ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሰማዕታት ብላ ጠራቻቸው። እነዚህ ልጆች ሊቃውንት አልነበሩም፤ ሥራ ፈላጊዎች ነበሩ። የያዙትም ከእናታቸው ቤት የወጡበትን ሃይማኖት ነበረ። በበረሃው ዳር ላይ «የማልተወው የቱን ነው?» የሚለው ጥያቄ በመጣባቸው ጊዜ መልሱን የሚያስተምራቸው ካህን በአጠገባቸው አልነበረም፤ አስቀድሞ በቤታቸው የተማሩት በቂ መሆን ነበረበት።

ስለዚህ የቤት አባትና የቤት እመቤት ለሆናችሁ አንባቢዎቻችን ጥቂት ምክር ብንጨምር አይከፋም።

ልጅን ጸሎት ለማስተማር የመከራን ቀን አትጠብቁ። ሰው በሚያለቅስበት ሰዓት አዲስ ትምህርት አይገባውም፤ ያን ጊዜ ከአፉ የሚወጣው በደኅናው ጊዜ በቃሉ ያጠናው ነው። በማታ ከእራት በፊት ልጆችም የቤት ሠራተኞችም በአንድነት ቆመው አጭር ጸሎት ቢያደርጉ፣ ወይም ከመዝሙረ ዳዊት አንድ ምዕራፍ ቢነበብ፣ ይህ ልማድ አንድ ቀን ከመካከላቸው ለአንዱ ስንቅ ይሆነዋል።

ኀዘንተኛ ቤት በገባችሁ ጊዜ ምክንያት አትፈልጉለት። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን በዝምታ አብረውት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ከፍተው ለመከራው ምክንያት ይሆናል ያሉትን ኀጢአት መቍጠር በጀመሩ ጊዜ ነው። ልጇ ለሞተባት እናት «ከኀጢአትሽ የተነሣ ነው» ወይም «ጸሎትሽ ስላነሰ ነው» የሚል ሰው አጽናኝ አይደለም፤ በቊስል ላይ ጨው የሚነሰንስ ነው። ውኃ ቅዱላት፤ ልጆቿን አጥቡላት፤ እርሷ መጸለይ እስክትችል ድረስም ስለ እርሷ ጸልዩ።

ኀዘንተኛው በእግዚአብሔር ላይ ቢያማርር አትደንግጡ። ማማረር ራሱ ከእግዚአብሔር ጋራ መነጋገር ነው፤ ይልቅስ የሚያስፈራው ፈጽሞ ዝም ማለቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ አልቻልኩም ያለ እንደ ሆነ አትገሥጹት። በዝግታ አብራችሁት ሂዱ፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ቢመለስም ለዚያ ቀን ይበቃዋል።

ስለ ተዝካርም አንድ ነገር እንበል። ሙታንን በ40ኛውና በ80ኛው ቀን ማሰብ የተቀደሰ ልማድ ነው። ነገር ግን ባልዋን የቀበረች ሴት ለተዝካሩ ድግስ መሬቷን አስይዛ ገንዘብ ብትበደር፣ ለሟች ነፍስ የተደረገው ነገር ለሕያዋን ልጆች ረኀብ ይሆናል። ካህናት ፍትሐቱን ያድርሱ፣ ለድሆች የሚቻለው ይሰጥ፤ የቀረው ግን ለየቲሞቹ ይትረፍ። ባለጸጋ የሆነ ሰውም ድግሱን በልክ ቢያደርግ ለድኻው ጎረቤቱ ከዕፍረት የሚያድን ምሳሌ ይሆንለታል።

አሁን ወደ ጀልዴሳ እንመለስና ጽሑፋችንን እንፈጽም። ከዘይላ የሚመጣው ቅፍለት ቀርቷል፤ ጭነት የሚለዋወጡት ግመልና በቅሎም የሉም። ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት በዕድሜው አንድ ጊዜ የራሱ ጀልዴሳ ይደርስበታል፤ የሚወዱትን አስረክበው፣ የለመዱትን ትተው፣ በፊት ወደማያውቁት በረሃ የሚወርዱበት ደጃፍ ማለት ነው። በዚያ ደጃፍ ላይ አዲስ ስንቅ የሚሸጥ ሱቅ የለም፤ ከቤት ያልያዙትን ከዚያ አያገኙትም። እንግዲህ ስንቃችንን ዛሬ በቤታችን እናዘጋጅ። በመንገድ ላይ ያሉትን በጸሎት እናስብ፤ ያዘኑትንም ከበረሃው እስኪወጡ ድረስ ብቻቸውን አንተዋቸው።